ለጎደለ ቀለም አንድ ጥፊ

«ይሄ ጥፊ ነው ወይስ ዝንብ እያባረርሽለት ነው?» አለ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ ከተደገፈበት የመስኮት ደፍ ሳይነሳ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ።

ክፍሉ ሳቀ። ሚጡ መዳፏን በዩኒፎርሟ ጠረገች። ፊት ለፊቷ የአክስቷ ልጅ ግንዱ፣ እጇ እንዲደርስላት ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ባይልላት አትደርስበትም ነበር። እሷ ከክፍሉ ሁሉ አጭር ናት፤ እሱ ደግሞ ቅጽል ስሙን ያገኘው በቁመቱና በትከሻው ነው። ጉንጩ ላይ ያረፈው ጥፊዋ አቧራ የማራገፍ ያህል እንኳን አልነበረም።

ሰሌዳው ላይ «ሪስፖንሲቢሊቲ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ኃላፊነት ማለት ነው። ግንዱ ቃሉን በአራት ቆርጦት ነበር። ሚጡ ደግሞ ተጠርታ፣ «ሪ፣ ስፖን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ» ብላ በስድስት ቆርጣዋለች። አፍ አንዴ በተከፈተ ቁጥር አንድ ቀለም ይባላል፤ መምህሩ እንዲያ ነበር ያስተማራቸው። ረጅም ቃል እንዳለ አይዋጥም፣ በቀለም በቀለሙ ተቆርጦ ነው የሚነበበው። ሕጉም አጭር ነው። ያወቀ ያላወቀውን ይመታል፤ ለጎደለ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጥፊ።

«ሁለት ቀለም ጎድሎታል» አለ መምህሩ። «ይሄኛው አልተቆጠረም። ቡጢ፣ ና እስኪ፣ ጥፊ ምን እንደሚመስል አሳያት።»

ከኋላ ወንበር የተነሳው ልጅ ይህን ስም ያወጣለት ክፍሉ ነው፤ መምህሩም ወዶለታል። ቡጢ መጣና ሳይቸኩል እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ። ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊው ሲያርፍባት ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ነጭ ሆኖ በራ፤ ስትነቃ የሰሌዳውን ጠርዝ ይዛለች፣ ጥርሷ ምላሷን ነክሶት አፏ ጨው ጨው ይላል።

«አሁን ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ቲቸር።»

ከዚያ ግንዱን መታችው። ሁለት ጊዜ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«አሁን ተግባባን» አለ መምህሩ፤ ጠመኔውን አንስቶም ሌላ ቃል መጻፍ ጀመረ።

ተማሪዎቹ በሌለበት «መጋዝ» ነበር የሚሉት፤ ቃል ስለሚቆራርጥ። ፊት ለፊቱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህር ተማሪን መምታት እንደማይችል በትልቁ ተጽፏል፤ መጋዝም ይህን ሕግ አንድም ቀን ጥሶ አያውቅም። «እኔ በማስተማር ዘመኔ ልጅ ነክቼ አላውቅም» ይል ነበር በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ኮቱን እያስተካከለ። እውነቱን ነበር። ወላጆቹም ይወዱታል። የእሱ ተማሪዎች ፈተና አይወድቁም። ሲያስረዳ ደግሞ የሚያስረዳው ነገር የማይገባው ልጅ የለም፤ ከግንዱና ከጥቂቶች በቀር። የሚጡ እናት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «እንዲህ ያለ አስተማሪ ከየት ይገኛል?» ስትል ሚጡ ጉንጯን በእጇ ትሸፍናለች።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ግንዱ ደብተሩን ጭንቅላቱ ላይ አስቀምጦ ሚዛን እየጠበቀ ይራመድ ነበር። እናቱ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ከሄደች ወዲህ ከነሚጡ ጋር ነው የሚኖረው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መብራት፣ አንድ የጥናት ጠረጴዛ።

«እጅሽ እንዲህ እንደ ሳማ የሚለበልብ መሆኑን አላውቅም ነበር» አላት።

«ይቅርታ በለኝ። ካልመታሁህ እኮ…»

«ባክሽ ተይው። ቡጢ እኔን ቢመታኝ ግድ የለኝም፤ አንቺን ሲመታሽ ነው ያልወደድኩት።» ደብተሩ ከጭንቅላቱ ወደቀ፤ አነሳው። «ታውቂያለሽ፣ ለእኔ ቃሉ ተያይዞ ነው የሚመጣው። እንደሚያልፍ ባቡር። አንቺ እያንዳንዱን ፉርጎ ታይዋለሽ፣ እኔ ጩኸቱን ብቻ ነው የምሰማው።»

እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ አካባቢ ሚጡ እንግሊዝኛ ባለበት ቀን ከትምህርት ቤት ለመቅረት ሰበብ ትፈልግ ነበር። እያደር ግን ለመደች። መልመዷ ብቻም አይደለም። ቃል ሲጻፍ እጇን ከሁሉ ቀድማ ማውጣት ጀመረች። ጥፊዋ ጠነከረ፤ ክፍሉም ሚጡ ማለቱን ትቶ «ጅራፍ» አላት። ውሃ ለመጠጣት ቧንቧው ጋ ስትደርስ ሰልፉ ይከፈትላታል። ድሮ በቁመቷ ሙድ ይይዙባት የነበሩት ልጆች ሰላምታ ያበዙላት ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ልብስ የምታስለካበት መስታወት ፊት ቆማ እጇን ወደ ኋላ ስባ ስታወናጭፍ ራሷን ያዘች። መዳፍ ከክንድ ጋር ሲሄድ ይጠነክራል፤ ከወገብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ይህን ማንም አላስተማራትም። አፈረችና ወጣች፤ ሰኞ ግን ከወገቧ መታች።

ሎሚን የመታቻት በዚያው ሳምንት ነው። ሎሚ የሚሏት መልኳ ገርጣ ስለሚል ነው። ከሚጡ ፊት ለፊት ባለው ዴስክ የምትቀመጥ፣ ስትናገር የራሷ ድምፅ የሚያስደነግጣት ልጅ ነበረች። ቃሉ «ኮሚዩኒኬሽን» ነበር። ሎሚ ተነስታ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ቆረጠችው።

«አራት» አለ መምህሩ።

ሚጡ ከኋላዋ ስለነበረች አምስቱንም ሰምታለች። ኮ፣ ሚዩ፣ ኒ፣ ኬ፣ ሽን። አራተኛው በሹክሹክታ ቢወጣም ወጥቷል።

«ጅራፍ።»

ሚጡ ተነሳች። አምስት ብላለች ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ከተናገረች መጋዝ አልሰማም ማለቷ ነው፤ መጋዝን ደግሞ አልሰማህም ያለ ተማሪ እስካሁን የለም። ከኋላም ቡጢ ወንበሩን ሲያንቋቋ ሰማችው። ዞራ ሎሚ ፊት ቆመች።

«እየጠበቅንሽ ነው።»

እጇን ከወገቧ ላከችው። በዚያው ቅጽበት ሎሚ ፈርታ ፊቷን አዞረች፤ መዳፉም ጉንጯ ላይ ሳይሆን ጆሮዋ ላይ ተዘረጋ። ድምፁ የሌሎቹን አይመስልም። በአየር የተሞላ የወረቀት ከረጢት ሲፈነዳ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ሎሚ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለችና ዴስኩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሁለተኛ ፊትሽን አታዙሪ» አላት መምህሩ።

ደወል ሲደወል ሚጡ የሎሚን ኮሌታ አየች። ከጆሮዋ የወረደ ቀጭን፣ ደም የቀላቀለ ውሃ ነጩን ጨርቅ አርሶታል።

ሎሚ ለቤተሰቧ ኳስ መታኝ አለች። ጆሮዋ ግን አላረፈላትም። መግል ያዘ፤ ሐኪም ታምቡሩ ተቀዷል አለ። ታላቅ ወንድሟ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ቁጭ አድርጎ ሲያስጨንቃት፣ «ጅራፍ የሚባል አለ፣ ክፍላችን» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመታት አልተናገረችም። ለእሱ ግን ያ ስም በቂው ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ሲለቀቅ፣ ሚጡና ግንዱ ከግቢው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አጥር ጥግ ቆሞ አገኙት። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ነው፤ ጣቶቹ በግራሶ ጠቁረዋል።

«ጅራፍ የሚሉት ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

በዚያ የሚያልፉት ልጆች ቆሙ። ዓይኖቻቸው ተራ በተራ ወደ ሚጡ መዞር ጀመሩ። መካኒኩ የሚፈልገው ወንድ ልጅ ነበርና እነዚያ ዓይኖች ወዴት እንደሚሄዱ አላስተዋለም።

«እኔ ነኝ» አለ ግንዱ፤ ቦርሳውን ለሚጡ አቀብሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። «ምን ፈለግክ?»

መካኒኩ ኮሌታውን ይዞ ሳበውና በቴስታ አፍንጫው ላይ ሰጠው። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ የግንዱ ሸሚዝ በአንዴ ቀላ። ሁለተኛውን በጭብጡ ሰነዘረ፣ ከዓይኑ ሥር። ግንዱ ቆርቆሮው ላይ ተጋጭቶ ወደቀ። ከዚያ በቦት ጫማ ረገጠው፣ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ መልሶ ጎኑን። ግንዱ ከመካኒኩ የማያንስ ትከሻ ነበረው። እጁን ግን አላነሳም። ጭንቅላቱን በክንዶቹ መሃል ቀብሮ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ በያንዳንዱ ርግጫ «እህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ሚጡ ሁለቱን ቦርሳዎች አቅፋ ቆማለች። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ከዚህ ያጠረ ቃል የለም። አፏን ከፈተችው፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

መካኒኩ ሲደክመው አቆመ። ጎንበስ ብሎ የግንዱን ጸጉር ያዘና ፊቱን ወደ ራሱ አቀናው። «እህቴ በአንድ ጆሮዋ አትሰማም» አለው። «ትሰማኛለህ? ስጠራት በየት በኩል እንደጠራኋት አታውቅም።» ድምፁ ተሰበረ። በጥቁር ክንዱ ዓይኑን ጠርጎ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኳስ ስንጫወት ከግቡ ምሰሶ ጋር ተጋጨሁ፣ አክስቴ።»

የሚጡ እናት ሸሚዙን ከጀርባው ገልጣ አየችው። ነጩ ጨርቅ ላይ የጫማ ሶል ከነጥርሱ ታትሟል። «ምሰሶው ቦት ጫማ አድርጎ ነበር?» አለች። ወደ ልጇም ዞረች። ሚጡ ወለሉን አየች። እናቷ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨርቅ ነክራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ደሙን ጠረገችለት። በኋላ ክሊኒክ ወሰደችው። አፍንጫው ተሰብሯል፤ የጎን አጥንቱ ግን ተርፏል።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሚጡ፣ «ለምን?» አለችው።

ግንዱ አፍንጫው በጥጥ ስለተወተፈ ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። «አንቺን ቢመታሽ ኖሮ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈሽ ትቀሪ ነበር። ለመሆኑ ኪሎሽ ስንት ነው?»

«አትቀልድ።»

«እሺ አልቀልድም።» ጥጡን በጣቱ ገፋ አደረገ። «እኔ መመታት ለምጃለሁ። አንቺው አይደለሽ ያስለመድሽኝ?»

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ነገሩ እውነት ስለሆነ ብቻ እንደዋዛ ነው ያለው። ሚጡ ግን ያን ቀን ከቀመሰችው ሁሉ የመረራት ይኼ ሆነ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እሱም እንድታለቅስ ተዋት።

ግንዱ ቤት በተኛባቸው ቀናት ሚጡ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። በቀለም መቁረጡን ሞክራ ተወችው፤ አሁንም ባቡሩ ያልፍበታል። አንድ ቀን ግን ሌላ መንገድ ታያት።

«ድምፁን ተወው» አለችው። «ትርጉሙን ፈልግ። አንብሬከብል። ውስጡ የምታውቀው ነገር የለም?»

«ብሬክ። ሰበረ።»

«ፊቱ ያለው አን ‹አይደለም› ይላል። ኋላ ያለው ኤብል ‹ይቻላል›።»

ግንዱ ጣሪያውን አየ። «የማይሰበር» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ ያው የኛው ‹የማይ› ነዋ። እኛም ፊቱ ላይ እንለጥፋለን።»

«ባዕድ መነሻ የሚባለው እሱ ነው። ኋላ የሚለጠፈው ደግሞ ባዕድ መድረሻ። አማርኛ ላይ ተምረኸዋል እኮ።»

«ባዕዶቹን ካስወጣሁ ባለቤቱ መሃል ላይ ይቀራል በዪኛ። ሌላ አምጪ።»

«ሆፕለስ።»

«ሆፕ ተስፋ ነው። ለስ ምንድነው?»

«‹ቢስ› በለው።»

«ተስፋ ቢስ።» ሊስቅ ፈለገና ጎኑን አመመው። «የሪፖርት ካርዴን በእንግሊዝኛ አነበብሽልኝ።»

ከዚያ በኋላ እሱ ነበር ሌላ አምጪ፣ ሌላ አምጪ የሚላት። ጥቂቱን ይስታል፣ ብዙውን ያገኛል። ሚጡ ግንዱ በእንግሊዝኛ ቃል ሲጫወት አይታ አታውቅም ነበር።

«ለምንድነው መጋዝ እንዲህ አድርጎ የማያስተምረን?» አላት።

«እሱ የሚፈልገው ድምፁን ነው። በድምፅ ስትቆርጠውና በትርጉም ስትቆርጠው አንዳንዴ ቦታው አይገጥምም።»

«የቱ ነው ልክ ታዲያ?»

ሚጡ አሰበች። «ሁለቱም ልክ ናቸው» አለች።

ግንዱ ወደ ክፍል የተመለሰ ዕለት ዓይኑ ሥር ያለው ብልዝ ወደ ቢጫ ዞሯል፣ አፍንጫው ላይ ፕላስተር አለ። መጋዝ ፊቱን አየና ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ «ብዙ አመለጠህ። ና ተነስ» አለው። ሰሌዳው ላይ «ዲስአግሪመንት» ብሎ ጻፈ።

ግንዱ ቃሉን ከግራ ወደ ቀኝ በዓይኑ ሄደበት። እንደ ወትሮው ላብ አላጠመቀውም። «ዲስ» አለ። «አግሪ። መንት።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አግሪ መስማማት ነው፤ ዲስ ያፈርሰዋል። አለመስማማት» አለ።

ግንዱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

«ስለ ትርጉሙ ጠየቅኩህ?» አለ መጋዝ።

«አልጠየቁኝም፣ ቲቸር።»

«ሦስት አልክ። ጅራፍ፣ ስንት ነው?»

ሚጡ ተነሳች። «በድምፅ አራት ነው፣ ቲቸር። ዲስ፣ አ፣ ግሪ፣ መንት። በትርጉም ግን ሦስት ነው። እሱ በትርጉም ነው የቆረጠው። ልክ ነው።»

«አንድ ቀለም ጎድሎታል። አንድ ጥፊ።»

ግንዱ ልማዱ ሆኖበት ጎንበስ አለላት። ፕላስተሩን አየችው። የጠመኔው ዱቄት፣ የኮሪደሩ ጫጫታ፣ የቡጢ ወንበር፣ ሁሉም በቦታው ነው።

«አልመታውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልመታውም፣ ቲቸር። ሌላም ሰው አልመታም።»

መጋዝ አልተቆጣም። ተቆጥቶ አያውቅም። «ጥሩ» አለ። «እንግዲያው አንተ ምታት። አውቃ ያልሠራች ካላወቀው ትብሳለች።»

ግንዱ ቀና አለ። ትልልቅ እጆቹን አየ፤ ሚጡን አየ። ከዚያ ዴስኩ ጋ ተመልሶ፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ደብተሩንም ገለጠ።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀና ወዲያው አቆመ። የመጋዝ ጆሮ ቀላ። «ቡጢ» አለ፣ አሁንም በዝግታ። «ሁለቱንም። ከእሷ ጀምር።»

ቡጢ ተነሳ። ሲመጣ እርምጃው የወትሮውን ያህል ደፋር አልነበረም፤ ግን መጣ። ሚጡ ይህን ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። እጁ ሲመጣ አየችው። ቀጥሎ ያየችው የዴስኩን ጠርዝ ነበር፣ ከአፏ እኩል ሆኖ፣ በፍጥነት ሲቀርብ።

መሬት ላይ ስትነቃ አፏ ሞልቷል። ተፋችው፤ ደምና ከፊት ጥርሷ የተሸረፈ ስባሪ። የታች ከንፈሯ ተተርትሯል፤ ደሙ በአገጯ ወርዶ ደረቷን ያለብሳል። ልጆች ተነስተው ይጯጯሃሉ። ግንዱ ዴስክ ገልብጦ ቡጢን አንገቱን ይዞ ሰሌዳው ላይ ለጥፎታል፤ ቡጢ ግን አይታገልም፣ የራሱን መዳፍ እያየ «አላወቅኩም፣ አላወቅኩም» ይላል። «ልቀቀው» አለች ሚጡ፤ ከአፏ የወጣው ግን ቃል አይመስልም። ግንዱ ለቀቀው።

መጋዝ ከመስኮቱ ተነስቷል። አጠገቧ ተንበርክኮ ንጹሕ መሐረቡን አፏ ላይ አደረገላት። ጆሮዋ ሥር፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ፣ «ወድቀሽ ነው» አላት። «ዴስኩ ጠልፎሽ። ለቡጢም ለአንቺም የሚሻለው ይሄ ነው። አንቺ ስንቱን እንደመታሽ ሁሉም ያውቃል። የዚያችም ልጅ ጆሮ አለ። ነገሩ ከተነሳ ማን እንደሚባረር አስቢበት። እኔ ማንንም አልነካሁም።» ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ታጥበሽ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሂጂ፤ እኔ ቀድሜ አስረዳለሁ» አለ።

ግቢው ባዶ ነበር። ሚጡ ቧንቧውን ከፍታ አፏን ታጠበች፤ ውሃው ቀይ ሆኖ ወረደ፣ ቀጥሎ ሮዝ። እግር ሰምታ ቀና ስትል ሎሚ ናት። ሳታስፈቅድ ነው ከክፍል የወጣችው። የራሷን መሐረብ በውሃ ነክራ፣ ጨምቃ ሰጠቻት።

ሚጡ አንድ ነገር አለች።

«በዚህኛው በኩል አውሪኝ» አለች ሎሚ፤ ዞራም ሌላኛውን ጆሮዋን ሰጠቻት።

«አምስቱንም ብለሽ ነበር። ሰምቼሻለሁ።»

ሎሚ የሚወርደውን ውሃ ስታይ ቆየች። «አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከኋላዬ ነበርሽ።» ቧንቧውን ዘጋችው። «ይቅር አልልሽም። አሁን አልልሽም።»

«እሺ።»

«ወንድሜ ግንዱን ስለደበደበው እንቅልፍ አጥቷል። ልጁ እጁን አላነሳብኝም ይላል፤ እየደጋገመ። እኔም አንቺ መሆንሽን አልነገርኩትም።»

«እኔ እነግረዋለሁ። ከዚህ ስወጣ።»

ሎሚ ከንፈሯን አየች፤ ወደ ቢሮው አቅጣጫም አየች። «መጋዝ ምን በዪ አለሽ?»

«ወድቄ ነው።»

ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። ቢሮው በር ላይ ግንዱ ቦርሳዋን ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው የመጋዝ ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል፣ የተረጋጋ፣ የተስተካከለ።

«አብሬሽ ልግባ?»

«ይኼን ራሴ። መካኒኩ ጋ ስሄድ ግን አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«እዚያማ ቴስታውን ራስሽ ቅመሺው» አለ ግንዱ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ቦርሳዋን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «እሄዳለሁ።»

በሩ ተከፈተ። መጋዝ ሲወጣ ሚጡን አየ፤ ሎሚን ሲያይ ቆም አለ፤ ከዚያ አለፈ። ዳይሬክተሯ ከጠረጴዛዋ ጀርባ መነጽሯን አውልቃ ይዛለች።

«ግቡ። አንቺ ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ነው? ክሊኒክ እንወስድሻለን፤ እናትሽም ትጠራለች። መምህርሽ ወድቀሽ እንደሆነ ነግረውኛል።»

ሚጡ ተቀመጠች። መሐረቡን ከአፏ አነሳች። ከቡጢ ብትጀምር ይቀላል። ከመጋዝ ብትጀምር ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ ሁሉም ያምናታል፣ ከንፈሯ ራሱ ይመሰክርላታል። በመስኮቱ የሌላ ክፍል ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማል።

«አልወደቅኩም» አለች። «ከራሴ ልጀምር።»

አጠገቧ የነበረችው ሎሚ ወንበሯን ስባ፣ ደህናውን ጆሮዋን ወደ እሷ አዙራ ተቀመጠች።